የደነዘ ጥርስ፦ የአንድ ቡና መፍጫ ጥገና ማስታወሻ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017

ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት በሐዋሳ፣ ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ሐይቁ ከሚወስደው መንገድ ጥቂት ገባ ብላ ባለችው አነስተኛ ካፌዬ ውስጥ ዛሬ ጠዋት ከገጠመኝ ነገር ተነሥቼ ነው። ዕለቱ ረቡዕ በመሆኑ ከደንበኞቼ መካከል የሚጾሙት ማኪያቶውን ትተው ጥቁር ቡና ያዝዛሉ። ዘወትር በበሩ አጠገብ የሚቀመጡ አንድ አዛውንት ስኒያቸውን ሳያጋምሱ አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ይህ ቡናህ አንድ ቀን ይመራል፣ አንድ ቀን ይኮመጥጣል፤ ዛሬ ደግሞ ሁለቱንም ይዞ መጣ» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ሌላ አስቀዳሁላቸው፤ እሱም ያው ነበር።

ባለፈው ዓርብም ተመሳሳይ ቅሬታ ሰምቼ ጥፋቱን ቡናውን በሚቆላልኝ ሰው ላይ ጥዬ ነበር። ዛሬ ግን ቅሬታው የሚመጣው በጾም ቀን መሆኑን ሳስተውል ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሰኞና ማክሰኞ ማንም ያልተናገረው ቡናው በእነዚያ ቀናት የተሻለ ስለነበረ ሳይሆን ወተቱ ስለሸፈነው ነው። ማሽኑ ላይ የምትሠራውን ልጅ ስጠይቃት፣ «ጋሼ፣ የመፍጫውን ቀለበት በየሳምንቱ እያጠበቅሁት ነው እኮ፤ አሁንማ የሚሄድበት ቦታም የለውም» አለችኝ። ሄጄ አየሁ። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ አዲስ ጥርስ ሲገባለት ጠቋሚው የነበረው በ6 ላይ ነው፤ ዛሬ ከ2 በታች ወርዷል። አንድም ቀን ድንገት አልተበላሸም። በየሳምንቱ አንዲት ነጥብ እያጠበቅን ችግሩን ከራሳችን ስንደብቅ ከርመናል።

ጥርስ የምለው በመፍጫው ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ሁለት ክብ ብረቶች ነው። የእኔ መፍጫ ጣልያን ሠራሽ ሲሆን ጥርሶቹ ጠፍጣፋና 64 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ናቸው። የታችኛው ከሞተሩ ጋር ይዞራል፣ የላይኛው ቀለበቱ ላይ ታስሮ ይቆማል፤ ቀለበቱ ሲዞር በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል ወይም ይሰፋል። ፍሬው በመካከል ገብቶ በትልልቆቹ የውስጥ ጥርሶች ይሰነጠቃል፣ ከዚያም ወደ ዳር እየተገፋ በደቃቆቹ የውጭ ጥርሶች ይላመና ይወጣል። ሞተሩ በደቂቃ 1400 ጊዜ ስለሚዞር የጥርሱ ዳር በሴኮንድ 4.7 ሜትር ያህል ይጓዛል ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ስለት ለምን እንደሚያልቅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ጥርሱ ደንዟል ብዬ ከመፍረዴ በፊት ሌሎቹን ምክንያቶች አንድ በአንድ ማስወገድ ፈለግሁ፤ ምክንያቱም የደነዘ ጥርስ የሚያሳያቸው ምልክቶች ሁሉ ከሌላ ቦታም ሊመጡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው መብራት ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ ሞተሩ ይደክማል፣ መፍጨቱም ይዘገያል። ስለዚህ ገና ሳይነጋ፣ ሰፈሩ ሳይነሣ፣ በቴስተር ለካሁት፤ 221 ነበር። በዚያው ሰዓት 18 ግራም ቡና ለመፍጨት 11 ሴኮንድ ፈጀ። ይኸው መፍጫ ባለፈው ዓመት በ7 ሴኮንድ ይጨርስ እንደነበር በማሽኑ ደብተር ላይ ተጽፎ አገኘሁ። መብራቱ ጥሩ በሆነበት ሰዓትም መዘግየቱ ስላለ ከመብራቱ አይደለም።

ሁለተኛው ቡናው ራሱ ነው። ከአንድ ከረጢት፣ በአንድ ቀን ከተቆላ የበንሳ (የሲዳማ ወረዳ ናት) ቡና ግማሽ ኪሎ ይዤ ሁለት በር አልፎ ወዳለው ጎረቤቴ ካፌ ሄድኩ። እሱም እኔም 18 ግራም ዱቄት እየፈጨን 36 ግራም ፈሳሽ ቡና እናወጣለን፤ ይህ መጠን በ25 እና በ30 ሴኮንድ መካከል መውረድ አለበት። በእሱ መፍጫ በተከታታይ የወጡት አራት ስኒዎች 26፣ 27፣ 27 እና 28 ሴኮንድ ፈጁ። ተመልሼ በራሴ መፍጫ፣ ቀለበቱን ሳልነካ፣ አራት ስኒ ሳወጣ 19፣ 33፣ 24 እና 38 ሆነ። ቡናው አንድ ነው፣ ዱቄቱን ማጥለያው ላይ የጫነውም የእኔው እጅ ነው። ማሽኑንም ለመጠርጠር የጎረቤቴን የተፈጨ ቡና በእኔ ማሽን አወጣሁት፤ 27 ሴኮንድ ላይ ተስተካክሎ ወረደ። ከዚህ በኋላ የቀረ ተጠርጣሪ መፍጫው ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

የቡና መግዣ ደረሰኞቼን ሰብስቤ ደመርኩ። ጥርሱ ከተቀየረበት ከመስከረም 2016 እስከ ዛሬ በመፍጫው ያለፈው ቡና 690 ኪሎ ገደማ ነው፤ በቀን በአማካይ 1.7 ኪሎ መሆኑ ነው። ለዚህ ስፋት ላለው ተራ የብረት ጥርስ በአብዛኛው የሚነገረው ዕድሜ ከ400 እስከ 600 ኪሎ ነው። በወር ወይም በዓመት መቁጠር ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በቀን አምስት ኪሎ የሚፈጭ ካፌ በአራት ወር የሚጨርሰውን ጥርስ በቤቱ በቀን ሁለት ስኒ የሚጠጣ ሰው ዕድሜ ልኩን ላይጨርሰው ይችላል።

ከሰዓት በኋላ ዱቄቱን ለማየት ሞከርኩ። ከእኔም ከጎረቤቴም መፍጫ አንድ አንድ ቁንጥር በነጭ ወረቀት ላይ በትኜ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ተመለከትኩት። የጎረቤቴ ዱቄት ጥርት ያለና መጠኑ የተቀራረበ ሲሆን ወረቀቱን ሳዘነብለው እንደ ጥሩ አሸዋ ተንሸራተተ። የእኔው ግን በሁለት የተከፈለ ነበር፦ በአንድ በኩል ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ የሚቀር እንደ በርበሬ የላመ ብናኝ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ጥርስ ያልነካቸው የሚመስሉ ሻካራ ስባሪዎች። አዛውንቱ ምሬትንና ኩምጣጤን በአንድ ስኒ ውስጥ ያገኙበት ምሥጢር እዚሁ ወረቀት ላይ ነው። ውኃው ከብናኙ ምሬቱን ሳይቀር አሟጦ ያወጣል፣ ከስባሪው ግን ጣዕሙን ሳያወጣ ጥሎት ያልፋል። ስለታም ጥርስ ፍሬውን ይቆርጠዋል፤ የደነዘ ጥርስ ይጨፈልቀዋል። የተጨፈለቀ ነገር ደግሞ እኩል አይከፈልም፣ ከመፍጫውም ሲወጣ ይሞቃል። በተከታታይ 100 ግራም ፈጭቼ እጄን ዱቄቱ ውስጥ ስከት ሙቀቱ ገና ከምድጃ እንደወረደ ቆሎ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ከሰዓት በኋላ ካፌውን ዘግቼ የላይኛውን ክፍል ብቻ ከፈትኩ። መፍጫውን በማብሪያ ማጥፊያው አጥፍቶ መክፈት በከተማችን አደገኛ ነው፤ መብራት ሄዶ ሳለ ማብሪያው በርቶ ሊቀር፣ ከዚያም ጣታችን ጥርሱ ላይ ሳለ ድንገት ሊመጣ ይችላልና። ሶኬቱን ነቅዬ ገመዱን ዓይኔ ሥር፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ጥርሱን በብሩሽ ጠርጌ በመስኮቱ ብርሃን አዘንብዬ ተመለከትኩት። ስለታም የሆነ ዳር መስመር እንጂ ስፋት ስለሌለው ብርሃን አያንጸባርቅም፤ የእኔው ግን በእያንዳንዱ ጥርስ ጫፍ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነች የምታበራ ነጭ ክር ነበረችው። ያቺ ክር የተበላው ብረት ናት። በአውራ ጣቴ ጥፍር የውጨኛውን ጥርስ በቀስታ ስሞክር፣ አዲስ ቢሆን ኖሮ ጥፍሬን ልጦ ነጭ ብናኝ ያስቀርበት ነበር፤ ይህኛው ግን እንደ ሳንቲም ዳር ተንሸራተተብኝ። ጥፍርን በጥርሱ አቅጣጫ ሳይሆን አቋርጦ በቀስታ መሞከር እንደሚሻል፣ ጣትን ግን ፈጽሞ ማስጠጋት እንደማይገባ ለሚሞክር ሰው አሳስባለሁ።

በአንድ በኩል ደግሞ ሦስት ተከታታይ ደቃቅ ጥርሶች ጫፋቸው ተሸርፎ አገኘሁ። ይህ የመደነዝ ሳይሆን የጠጠር ሥራ ነው። ያልታጠበ ቡና ከነልጣጩ ሲደርቅ፣ በተለይም ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ከተሰጣ፣ የፍሬ መጠን ያላት ጠጠር አብራ ትመጣለች፤ ቡናው ሲቆላም ጠቁራ ፍሬ ትመስላለች። ባለፈው ሐምሌ መፍጫው አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም ያለበትን ጠዋት አሁን አስታወስኩ። ያን ጊዜ ከፍቼ ባለማየቴ አዝናለሁ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ለደንበኞቼ ያቀረብኩት ቡና ሁሉ በእነዚያ ሦስት ጥርሶች ክፍተት በኩል ያለፈ ነው።

ማታ ለእናቴ ስነግራት፣ «ታዲያ ለምን አታስወቅረውም?» አለችኝ። እሷ ባደገችበት ቤት የእህል ወፍጮው ድንጋይ ሲለሰልስ በሹል ድንጋይ ይወቀርና ሻካራነቱ ይመለሳል፤ መጁም እንዲሁ። ጥያቄው ሌሊቱን ሙሉ አልተወኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

የእናቴን ጥያቄ ይዤ መናኸሪያው አካባቢ ወደሚገኝ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ጥርሱን አገላብጦ አይቶ፣ ፊቱን ልጦ ማደስ እንደሚችል፣ ነገር ግን እኔን ቢሆን እንደማያሠራው በቅንነት ነገረኝ። ምክንያቱን ራሱ ብረቱ ላይ አሳየኝ። የውጨኛዎቹ ደቃቅ ጥርሶች ጥልቀታቸው በጣም አነስተኛ ስለሆነ ፊቱ ሲላጥ ጥልቀታቸው አብሮ ይሄዳል፤ ስለቱን ለመመለስ ደግሞ እያንዳንዱን ቦይ እንደገና በትክክለኛው ዝንባሌ መቅረጽ ያስፈልጋል። ድንጋይ ሲወቀር ሻካራ መሆኑ ብቻ ይበቃዋል፤ የላይኛው መጅ በእጅ ስለሚገፋ ሴትዮዋ ክብደቷን እያስተካከለች ታስማማዋለች። የብረት ጥርስ ግን ሁለቱ ፊቶች ሳይነካኩ በጣም በጠበበ ርቀት ትይዩ ሆነው መዞር አለባቸው። አመስግኜው ተመለስኩ፤ አዲስ ለማዘዝም ወሰንኩ።

ለማዘዝ የሚያስፈልጉትን ልኮች ከአሮጌው ላይ ወሰድኩ፦ የውጭ ስፋቱ 64 ሚሊ ሜትር፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ሦስት፣ በተጨማሪም የመካከሉ ክፍት ስፋትና የብረቱ ውፍረት በካሊፐር። በስልክ ሞዴሉን ብቻ መናገር በቂ መስሎኝ ነበር፤ በቂ አለመሆኑን ግን ቅዳሜ ተማርኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተላከልኝን ዕቃ ከመናኸሪያ ተቀበልኩ። ጥርሱ አዲስ ነው፣ ስፋቱም ቀዳዳዎቹም ልክ ናቸው። ደስ ብሎኝ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጌ ሳስቀምጣቸው ግን ቦዮቹ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚያጋድሉ አየሁ። የአሮጌው ቦዮች ከመካከል ወደ ዳር ሲሄዱ ወደ ቀኝ ያጋድላሉ፤ የአዲሱ ወደ ግራ። በአንድ መጠን የሚሠሩ ጥርሶች ወደ ቀኝ ለሚዞሩና ወደ ግራ ለሚዞሩ ሞተሮች ለየብቻ እንደሚዘጋጁ ያወቅሁት በዚህ ጊዜ ነው።

ገጥሜው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? መፍጫው ይሠራ ነበር፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የጥርሱ ስለታም ፊት ወደኋላ ስለሚሆን ፍሬው በጥርሱ ጀርባ እየተመታ ይደቅቅ ነበር፣ ውጤቱም ከደነዘው ጥርስ የባሰ ይሆን ነበር። እኔም አዲስ ጥርስ አስገብቼ ያልተሻለውን ቡና ምክንያት ፍለጋ እንደገና ቡናውን ወደሚቆላልኝ ሰው እመለስ ነበር። ሻጩ በስልክ ሳነጋግረው ሊቀይርልኝ ተስማማ፤ በዚህ ጊዜ ግን የአሮጌውን ፎቶግራፍ ከላይ አንሥቼ፣ የሞተሩን መዞሪያ አቅጣጫ በቀስት አመልክቼ ላክሁለት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ትክክለኛው ጥርስ ደረሰ። ጎን ለጎን አስቀምጬ አረጋገጥኩ፤ ቦዮቹ እንደ አሮጌው ወደ ቀኝ ያጋድላሉ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ከዚያ በፊት ጨርሼ መገኘት አለብኝ። ደንበኞቼ ሁሉ የሚጾሙ ባይሆኑም የጥቁር ቡናው ቁጥር በእነዚያ ሳምንታት በግልጽ ይጨምራል። ጎረቤቴ ትርፍ መፍጫውን ለሦስት ቀን ሊያውሰኝ ቃል ገባልኝ፤ ውለታውን አልረሳም።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ዋናው ሥራ ዛሬ ተሠራ፤ ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቆመ።

የፍሬ ማጠራቀሚያውን በር ዘግቼ፣ ውስጥ የቀረውን ፈጭቼ ከጨረስኩ በኋላ ሶኬቱን ነቀልኩ። ቀለበቱን ከመፍታቴ በፊት ያለበትን ቦታ በማርከር አመለከትኩ። ቀለበቱ በመጀመሪያ አልንቀሳቀስ አለ፤ ቀለበቱ የሚጠመዘዝበት፣ እንደ ብሎን የተቀረጸው ጥርስ ላይ የተጠራቀመው የቡና ዘይት ከዱቄት ጋር ተጋግሮ እንደ ሙጫ አጣብቆታል። በጉልበት ከመጠምዘዝ ይልቅ ወደፊትም ወደኋላም በጥቂቱ እያነቃነቅሁ፣ በየመካከሉ የወጣውን ዱቄት በጥርስ ብሩሽ እየጠረግሁ ነው የፈታሁት። የቀለበቱ ጥርስ ደቃቅና ለስላሳ በሆነ ብረት የተቀረጸ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተበላ ሙሉ አካሉ መለወጥ አለበት፤ ስለዚህ ትዕግሥት እዚህ ላይ በጣም ያስፈልጋል። ቀለበቱ ሲወጣ ከሥሩ የሚገፉት ሦስት ሞላዎች ተፈናጥረው እንዳይጠፉ እጄን ከላይ አድርጌ አነሣሁት።

የላይኛው ጥርስ ሦስት ብሎኖች በቀላሉ ተፈቱ። የታችኛው ግን ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር ካቻቢቴውን ስጠመዝዝ አብሮ ይዞራል፤ በእንጨት ማንኪያ እጀታ አግጄ ያዝኩት። በብረት ማገድ መቀመጫውን ይጭረዋል። ሦስተኛው ብሎን ጭንቅላቱ ሊበላ ሲል ቆምኩ። ልኩ የሆነ አፈ ሰፊ ካቻቢቴ ፈልጌ፣ ጫፉን በብሎኑ ስንጥቅ ላይ አስቀምጬ በትንሽ መዶሻ ከላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረግሁትና ተላቀቀ። ብሎኑን የያዘው ዝገት ሳይሆን ተጋግሮ የደረቀ የቡና ዱቄት ነበር።

ጥርሱ ከተነሣ በኋላ ያየሁት አሳዘነኝ። በመቀመጫው ዙሪያ አንድ ሚሊ ሜትር የሚሆን ጥቁር ቅርፊት ተለጥፏል፤ በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ቆየ የምጣድ ጥላሸት እየተላጠ ወጣ፣ ሽታውም የሻገተ ዘይት ነበር። ደንበኞቼ የሚጠጡት ቡና በየቀኑ በዚህ ላይ ሲያልፍ ኖሯል። በእንጨት ስንጥር ፋቅሁት፣ በደረቅ ብሩሽ ጠረግሁት፣ የቀረውን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ አጸዳሁት። ውኃና ሳሙና አልተጠቀምኩም፤ ብረቱ ይዝጋልና። መቀመጫው ከአዲሱ ጥርስ እኩል ትኩረት ይገባዋል፤ በሥሩ አንዲት የዱቄት ፍርፋሪ ብትቀር ጥርሱ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ያጋደለ አዲስ ጥርስ ደግሞ ከተስተካከለ አሮጌ ብዙም አይሻልም።

በዚሁ አጋጣሚ ኩሽኔታውን ፈተሽኩ። የሞተሩን ዘንግ ይዤ ወደ ጎንና ወደ ላይ ስነቀንቀው ምንም አልተላወሰም፣ በእጅ ሳዞረውም ድምፅ አልነበረውም። ኩሽኔታው ተበልቶ ቢሆን ኖሮ ዘንጉ ስለሚወዛወዝ አዲስ ጥርስ መግጠም ገንዘብ ማባከን ይሆን ነበር።

አዲሱን የታችኛውን ጥርስ አስቀምጬ ሦስቱን ብሎኖች በየተራ፣ አንዱን ጥቂት ሌላውን ጥቂት እያልኩ፣ እኩል እስኪይዙ አጠበቅሁ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ጥርሱን ያዘነብላል። የቀለበቱን ጥርስ አጽድቼ ለምግብ ማሽን የሚሆን ግራሶ በጣም በስሱ ቀባሁት። የምግብ ዘይት መቀባት የለመደ ሰው አውቃለሁ፤ ዘይቱ ከርሞ ይሻግታል፣ ዱቄትም ይሰበስባል። ቀለበቱን ስመልስ በመጀመሪያ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ቀስ ብዬ አዞርኩት፤ የቀለበቱ መጠምዘዣ ጥርሶች ተገናኝተው ቀጭ ሲሉ በእጄ ላይ ይሰማኛል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ማጥበቂያው አዞርኩት። በሁለት ጣት የማይዞር ከሆነ ተጣሟል ማለት ነው፤ ወዲያው መልሶ መፍታት ነው። እኔም ሁለት ጊዜ መልሼ ፈታሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ማታ የጥርሶቹን መስተካከል ፈተንኩ። በሰሌዳ ማርከር የሁለቱንም ጥርሶች የውጨኛ ዳር ዙሪያውን ቀባሁና ገጠምኳቸው። ሶኬቱ እንደተነቀለ ቀለበቱን በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቅሁ የታችኛውን በእጄ አዞርኩት፤ ልክ መፋተግ ሲጀምር የሚሰማውን ስስ ፉጨት ስሰማ አቁሜ ከፈትኩ። ቀለሙ በታችኛው ላይ ዙሪያውን እኩል ተፍቋል። በላይኛው ላይ ግን ከግማሹ በላይ እንዳለ ቀርቷል።

ይህን ማንበብ መቻል ጠቃሚ ነው። የሚዞረው የታችኛው ስለሆነ፣ የቆመው የላይኛው በአንድ ወገን ብቻ ቢነካው እንኳ የታችኛው ዙሪያውን በሙሉ ይፋቃል፤ በላይኛው ላይ በአንድ ወገን ብቻ ቀለም ከቀረ ያዘነበለው የላይኛው ነው፣ በታችኛው ላይ ከሆነ ደግሞ የታችኛው። የላይኛውን ፈትቼ ከሥሩ ሳየው አንዲት የብረት ፍቅፋቂ፣ ምናልባት ከብሎኑ የወጣች፣ መቀመጫው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጠርጌ ስገጥመው የቀረው ቀለም ወደ ሲሶ ወረደ። ለቀሪው ከቤት የአልሙኒየም መጠቅለያ ወረቀት የጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆርጬ ቀለሙ ባልተፋቀበት ወገን ከጥርሱ ሥር አስገባሁ። የወረቀቱ ውፍረት ከ0.02 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቢሆንም በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቅ ልክ ነው። በሦስተኛው ሙከራ ቀለሙ በሁለቱም ላይ ዙሪያውን ተፋቀ። ሰዓቱ ከምሽቱ አራት አልፎ ነበር፤ ደክሞኝም ቢሆን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ትናንት ማታ ቡና ቆዪው ያስቀመጠልኝን አራት ኪሎ የከረመ ቡና በአዲሱ ጥርስ አሳለፍኩ። አዲስ ጥርስ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ዳሩ ላይ የቀሩ ደቃቅ ሻካራነቶች ስላሉት በመጀመሪያዎቹ ኪሎዎች ውጤቱ አይረጋም፤ ይህን ለደንበኛ ማቅረብ ተገቢ አይደለም። አንድ ወዳጄ በቡና ፋንታ ጥሬ ሩዝ እንድጠቀም መክሮኝ ነበር። አልተቀበልኩትም፤ ሩዝ ከተቆላ ቡና የጠነከረ በመሆኑ ሞተሩን ያስጨንቃል፣ ዱቄቱም በጥርሶቹ መካከል ተጋግሮ ይቀራል።

ከዚያ ለካሁ። 18 ግራም በ7 ሴኮንድ ተፈጨ። ጠቋሚው በ6 እና በ7 መካከል ነው። በተከታታይ የወጡት አራት ስኒዎች 29፣ 27፣ 28 እና 26 ሴኮንድ ፈጁ። ልጅቷ የተፈጨውን ቡና በማጥለያው ላይ ስትጫነው፣ «ጋሼ፣ እጄ ላይ ራሱ ሌላ ሆነ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የቀድሞው እብጥብጥ እያለ ይጓጎል ነበር፣ ይህ ግን እኩል ይተኛል። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቅኋት፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅንብሩ በየቀኑ ሊንቀሳቀስ ስለሚችል በየጠዋቱ የመጀመሪያውን ስኒ በሚዛንና በሰዓት ሳትለካ ለማንም እንዳታቀርብ።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ጾሙ ገባ። ከቅዳሴ መልስ ከመጡት መካከል አዛውንቱ ነበሩ። የቀየርነውን አልነገርኳቸውም፤ ሳይነገራቸው የሚሉትን መስማት ፈልጌ ነው። ጥቁሩን ቡና ጠጥተው ጨረሱና፣ «ይህ የበንሳ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለአንድ ወር ያህል ያቀረብኩላቸው ቡና ሁሉ የበንሳ ነበር፤ አገሩን በጣዕሙ ለመለየት የቻሉት ግን ዛሬ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ቅንብሩ ረግቷል፤ ባለፉት አምስት ቀናት ቀለበቱን የነካነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም አዲስ የተቆላ ቡና ሲከፈት። የጥርሶቹን ብሎኖች ከፍቼ ፈተሽኩ፤ ከላይኞቹ አንዱ ጥቂት ላልቶ ስለነበር አጠበቅሁት። ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ይህን መፈተሽ እንደሚገባ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ለጠጠሩም መላ አበጅተናል። ከረጢቱ ሲከፈት ቡናው ወደ ማጠራቀሚያው ከመግባቱ በፊት በሰፌድ ላይ ይለቀማል፤ ከዚያም ከሰፌዱ ወደ ብረት ትሪ ቀስ ተብሎ ይፈስሳል። የቡና ፍሬ ትሪው ላይ ሲወድቅ ደረቅና ቀላል ድምፅ ነው ያለው፣ ጠጠር ግን ጠንከር ብላ ትጮኻለች። በዚህ ሳምንት በዚህ መንገድ አንዲት ጠጠር ተገኘች፤ ጠቁራ፣ ከፍሬ የማትለይ፣ በዓይን አልፋ በጆሮ የተያዘች።

በማጠራቀሚያው ክዳን ውስጥ አንድ ወረቀት ለጥፌአለሁ። የተከፈተ ከረጢት ሁሉ ክብደቱ እዚያ ላይ ይጻፋል፣ 400 ሲደርስም ከፍተን በመስኮቱ ብርሃን እናየዋለን። የከረመውን አራት ኪሎ ጨምሮ ዛሬ ማታ የተጻፈው ድምር 28 ኪሎ ነው።